ቁጥር 1 የዱቄት ወተት ለጉዲፈቻ ሕፃን፦ ደሴ ላይ ተገዝቶ ደሴ ላይ ሲበጠበጥ

እዚህ የምንገመግመው ቆርቆሮው ላይ በትልቁ «1» የተጻፈበትን፣ ከልደት እስከ ስድስት ወር ላለ ሕፃን የሚሆነውን የ400 ግራም የዱቄት ወተት ነው። ጡት ያለው ልጅ አያስፈልገውም፤ ጡት እያለ ቆርቆሮ መክፈት ገንዘብ ማቃጠል ነው። የጻፍነው ጨቅላ ልጅ በጉዲፈቻ ለተቀበለ ቤት፣ በተለይ ጾምና ክርስትና ላለበት ቤት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 የውጭ አገር ጉዲፈቻ ከቆመ ወዲህ እነዚህ ልጆች የሚያድጉት እዚሁ አገር ቤት ነው። ስለ መጀመሪያው ዓመት የተጻፈው ምክር ግን አብዛኛው ለፈረንጅ ቤተሰብ የተዘጋጀ በመሆኑ ግማሹ እዚህ አይሠራም። ውኃችን የሚፈላበት ሙቀት ሌላ ነው፣ ዘመዳችን ብዙ ነው፣ ጾምም አለን።

ነጥባችንን አስቀድመን እንናገር፦ ለዱቄቱ ከአምስት አራት፣ ቆርቆሮው ላይ ለታተመው መመሪያ ሁለት ተኩል፣ ጎን ለጎን ለሚሸጠው ጡጦ አንድ።

መጀመሪያ ሒሳቡ። ሕፃን በቀን የሚያስፈልገው በእያንዳንዱ ኪሎው 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ሳምንት ያልሞላው ከዚያ ያንሳል። 4 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በቀን 600 ሚሊ ሊትር ይጠጣል፤ በስምንት ሲከፈል በየሦስት ሰዓቱ 75 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። አንድ የ400 ግራም ቆርቆሮ ተበጥብጦ ሦስት ሊትር ያህል ስለሚወጣው አምስት ቀን ይቆያል፤ በወር ስድስት ቆርቆሮ። ልጁ 6 ኪሎ ሲደርስ አንዱ ቆርቆሮ ሦስት ቀን ከትንሽ ነው የሚሄደው፤ በወር ዘጠኝ። እስከ ስድስተኛው ወር በድምሩ 20 ኪሎ ግራም ዱቄት ገደማ ያልቃል፤ ይህም 50 ቆርቆሮ ነው። ቁጥሩን ዛሬ ፋርማሲው በሚጠይቃችሁ ዋጋ አባዙትና ልጁ ቤት ሳይገባ ባልና ሚስት ተነጋገሩበት።

ይህን የምንለው ለማስፈራራት አይደለም። ወተት የሚቀጥነው በወር መጨረሻ ነው። ደመወዝ ሳይደርስ ቆርቆሮው ሲጋመስ ከስድስት ማንኪያ አንዱ ይቀነሳል፤ የልጁ ሆድ በውኃ ስለሞላ አያለቅስም፤ ኪሎው ግን ባለበት ይቆማል። የተገላቢጦሹም አለ፦ ከሕፃናት ማሳደጊያ ተቋም የመጣ ልጅ ብዙውን ጊዜ ከሲታ ስለሚሆን «ቶሎ እንዲፋፋ» ተብሎ ማንኪያ ይጨመርለታል። ይህ ሆድ ያደርቃል፣ ያልጠነከረ ኩላሊቱንም በጨው ያስጨንቃል። የከሳ ልጅ መድኃኒቱ ወፍራም ወተት ሳይሆን ጤና ጣቢያ ነው። ስድስት ወር የሞላው ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ዛሬውኑ ይሂድ፤ ነገ አይባልም።

ማንኪያው ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በየቆርቆሮው ውስጥ ያለው ማንኪያ የዚያ ምርት ብቻ መለኪያ ነው፦ የአንዱ አንድ ማንኪያ ለ30 ሚሊ ሊትር ውኃ ሲሆን የሌላው ለ60 ሊሆን ይችላል። ምርት ቀይሮ በለመዱት ማንኪያ መቀጠል ወተቱን በእጥፍ ማቅጠን ወይም በእጥፍ ማወፈር ነው። ዱቄቱ ሳይጠቀጠቅ ይሞላ፣ በንጹሕ ቢላ ጀርባ ይስተካከል። ውኃው አስቀድሞ ይለካ፣ ዱቄቱ በላዩ ይግባ፤ ዱቄት ቀድሞ ከገባ የውኃው ልክ ይሳሳታል።

አሁን ወደ መመሪያው፣ ነጥብ ወደ ቀነስንበት። «የፈላ ውኃ ተጠቀሙ» ብሎ ያልፋል፤ ውኃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት አገር እውነት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች እዚህ ውኃ የሚንተከተከው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ፣ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ 94 ይጠጋል። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን የውኃ ማፍላት ደንብ ከ2,000 ሜትር በላይ ላለ ቦታ ሦስት ደቂቃ እየተንተከተከ እንዲቆይ፣ ከዚያ በታች አንድ ደቂቃ እንደሚበቃ ይናገራል። ስለዚህ ደሴ ሦስት፣ ኮምቦልቻ አንድ። ውኃ በፈረቃ መጥቶ በጀሪካን ለሚቀመጥበት ቤት ደቂቃዋ ትልቅ ነገር ናት።

ከዚህ የሚብሰው ስሕተት ውኃውን አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ለብ ሲል መበጥበጥ ነው። ሁሉም ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ ንጹሕም ይመስላል። ግን ዱቄቱ ታሽጎ ቢመጣም ከጀርም የጸዳ አይደለም፤ ክሮኖባክተርና ሳልሞኔላ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ሊኖሩበት ይችላሉ፤ እነሱን የሚገድላቸው ከ70 ዲግሪ ያላነሰ ውኃ ነው። ሁለት ወር ላልሞላው ወይም ያለ ጊዜው ለተወለደ ልጅ ይህ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ቢያንስ አንድ ሊትር አፍሉ (ትንሽ ውኃ በደሴ ብርድ ወዲያው ይቀዘቅዛል)፣ ከምድጃ ካወረዳችሁ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በጥብጡ፣ ከዚያ ኩባያውን ክዳኑን ዘግታችሁ ቀዝቃዛ ውኃ ያለበት ሳህን ውስጥ አቁሙት። የእጃችሁ አንጓ ላይ ጠብ ስታደርጉት ለብ ካለ ደርሷል። ለሌሊቱ ፔርሙዝ ይሠራል፤ ክዳኑ የላላ ከሆነ ግን ማታ የሞላችሁት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ 70 ዲግሪ አይሆንም። አንድ ጊዜ በቴርሞሜትር ለክታችሁ የፔርሙዛችሁን ጠባይ እወቁ።

የተበጠበጠ ወተት ከሁለት ሰዓት በላይ አይቀመጥም፤ ልጁ ጠጥቶ የተወው ይደፋል። ፍሪጅ ውስጥ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል ቢባልም መብራት ሄዶ በመጣ ፍሪጅ ላይ አትመኑ። የተከፈተ ቆርቆሮ እንደየምርቱ በሦስት ወይም በአራት ሳምንት ውስጥ ያልቅ፤ ደረቅ ቦታ እንጂ ፍሪጅ አይገባም። ስትገዙ የሚያበቃበትን ቀን ብቻ አትዩ፤ ጠርዙ የተጨረማመተና የውስጥ ሽፋኑ የተነካካ አትውሰዱ። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ፀሐይ በሚመታው መስኮት የተደረደረውን ትታችሁ ከኋላ ያለውን ጠይቁ።

ጡጦውን ለምን አንድ ብቻ ሰጠነው? አንገቱና የጎማው ውስጥ ቆሻሻ ስለሚይዝ በየጊዜው በብሩሽ ተፍቆ መቀቀል አለበት፤ ያን በቀን ስምንት ጊዜ የሚያደርግ ቤት ጥቂት ነው። ትንሽ አፈ ሰፊ ኩባያ በሳሙናና በሙቅ ውኃ ይጸዳል፤ አራስ ልጅም ከኩባያ ይጠጣል። ጭናችሁ ላይ ቀና አድርጋችሁ ያዙት፣ የኩባያውን ጠርዝ ታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፉት፣ ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ አዘንብሉት። አታፍስሱበት፤ በምላሱ እየላሰ ይወስዳል። መጀመሪያ ግማሹ ልብሱ ላይ ይቀራል፤ ግማሽ ሰዓትም ይፈጃል። ይኼ ግማሽ ሰዓት ለጉዲፈቻ ልጅ ከወተቱ እኩል ይጠቅመዋል።

በተቋም የቆየ ሕፃን ብዙ ጊዜ ተኝቶ፣ ጡጦው በጨርቅ ተደግፎለት መጥባት ለምዷል። ስታጠጡት ዓይኑን ከፊታችሁ ያሸሻል፣ በጥድፊያ ይውጣል፣ ሲርበውም አያለቅስም። ጎብኚው ሁሉ «ጨዋ ልጅ!» ይለዋል። ጨዋነት አይደለም፤ አልቅሶ መልስ ስላላገኘ ተስፋ ቆርጦ ነው። ስለዚህ እስኪያለቅስ አትጠብቁ፤ በሰዓት አጠጡት፤ ሌሊትም ቀስቅሱት። እናንተን ከለመደ በኋላ የሚያለቅስበት ቀን ሲመጣ ደስ ይበላችሁ።

ታዲያ ማን ያጠጣው? በመጀመሪያዎቹ ወራት ወተት የሚሰጡት እናትና አባት ብቻ ይሁኑ። ወደ ውጭ የሄዱ ልጆችን ያሳደጉ ቤተሰቦች ከሚመከሩት ምክር መካከል ሳይቀየር እዚህ የሚሠራው ይህ ነው፤ አፈጻጸሙ ግን ደሴ ላይ ይከብዳል። አክስት፣ አያት፣ የእድር ሴቶች፣ ለቡና የመጣ ጎረቤት ሁሉ አንድ ኩባያ ማጠጣት ይፈልጋል፤ ሐሳቡም መልካም ነው። ልጁ ግን ገና የማን እንደሆነ አላወቀም። ቅር ሳያሰኙ መመለሻው «እማማ፣ እርስዎ ይቀፉት፣ ወተቱን ግን እኔ ልስጠው፤ እናቱን ይልመድ» ማለት ነው። ልጁን ስትረከቡም የትኛውን ምርት፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ሚሊ ሊትር ይጠጣ እንደነበር ጽፋችሁ ውሰዱ፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያንኑ ቀጥሉ። ሰው፣ አልጋና ሽታ በአንድ ቀን ተቀይሮበታል፤ ወተቱ እንኳን አይቀየርበት።

ያልወለደች እናትም ጡቷን ደጋግማ ብታጠባ ወተት ሊመጣላት ይችላል። የተበጠበጠው ወተት ከኩባያ በቀጭን ቱቦ ጡቷ ጫፍ ላይ እንዲደርስ ተደርጎ ልጁ ሁለቱንም አብሮ የሚስብበት ዘዴ አለ፤ ይህን ግን በባለሙያ እገዛ ጀምሩት። «የጡት ልጅ» የሚለው የአበው ወግ ያለ ነገር አልተባለም። ጎረቤት ላጥባው ካለች የኤች አይ ቪ ምርመራ ይቅደም። ጎረቤቲቱ ሙስሊም ከሆነች ደግሞ የጡት ዝምድና በእስልምና ጋብቻ እንደሚከለክል ሁለቱም ቤት ይወቀው፤ በወሎ ይህ በይደር የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ርካሽ ምትክ ፍለጋ አያዋጣም። ኒዶ የጨቅላ ወተት አይደለም። ዓመት ላልሞላው የላም ወተት ብረቱ ያነሰ፣ ጨውና ፕሮቲኑ የበዛ ነው፤ አንጀቱንም ሊያደማው ይችላል። አጥሚት፣ የአብሽ ውኃ፣ ቅቤ ማላስ፣ ስድስት ወር ሳይሞላ አንዱም አይገባም። ዱቄቱ መሥራቱን የምታውቁት በሁለት ነገር ነው፦ በቀን ስድስት ጊዜ ያህል ይሸናል፤ እስከ ሦስተኛው ወር በሳምንት ከ150 እስከ 200 ግራም ይጨምራል። የመጀመሪያውን ወር በየሳምንቱ አስመዝኑት።

ክርስትናው ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ነው፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ የመጣ ልጅ ወይም መጠመቁ ያልታወቀ ልጅ ጉዳይ ለንስሐ አባት ይቀርባል፤ ጥምቀት አንዲት ናትና በግምት አይደገምም። በዕለቱ ሌሊት ከቤት ስለሚወጣ በጥብጣችሁ አትውሰዱ። ሙቅ ውኃ በፔርሙዝ፣ የተለካ ዱቄት በደረቅ ክዳናማ ዕቃ፣ ኩባያው በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይያዝ፤ እዚያው ይበጠበጣል።

ጾሙ ከስድስት ወር በኋላ ይመጣል፣ ልጁ ምግብ ሲጀምር። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጾምም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ግን በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ በፍልሰታም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ድስቱ እንዳይነካካ ተብሎ የልጁ እንቁላልና ወተት ይቀራል። ማንም እንዲጾም አላዘዘውም፤ የጾመው በድስቱ ምክንያት ነው። መፍትሔው የአንድ ቀን ግዢ ነው፦ አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ፣ የራሱ ማጠቢያ ስፖንጅ፣ የተለየ መደርደሪያ። ይህን ከዐቢይ ጾም በፊት አዘጋጁ፤ የደሴው ሰኞ ገበያ በቂ ነው።

ከስድስት ወር በኋላ ቁጥር 2 ግዴታ አይደለም፤ ያው ቁጥር 1 ከምግብ ጋር እስከ ዓመቱ ያደርሰዋል። ቁጥር 3 ደግሞ ከናካቴው አያስፈልግም፤ ዓመት ሲሞላው ፈልቶ የቀዘቀዘ የላም ወተት በኩባያ፣ በቀን ከግማሽ ሊትር ሳይበልጥ ይበቃዋል። ከበለጠ ምግብ ይጠላል፣ ደምም ያንሰዋል። ባዶዎቹ ቆርቆሮዎች ለበርበሬና ለሽሮ ይሆናሉ። ማንኪያዎቹን ግን ጣሏቸው፤ ቤት ውስጥ ከቀሩ አንድ ቀን በሌላ ምርት ቆርቆሮ ውስጥ መለኪያ ሆነው ይገኛሉ።