የስፓኒሽ ሕክምና ሰነዶችን የሚያነበው መሣሪያ፦ የሐዋሳ ሙከራዬ

ላለፉት ሦስት ሳምንታት ሐዋሳ ተቀምጬ፣ በስፓኒሽ ከተጻፉ የሕክምና ሰነዶች የመድኃኒትና የኬሚካል ስሞችን ነቅሶ የሚያወጣ መሣሪያ ስሞክር ቆይቻለሁ። መሠረቱ በባርሴሎና የሱፐርኮምፒውቲንግ ማዕከል የተዘጋጀ የቋንቋ ሞዴል፣ ማለትም ከብዙ ጽሑፍ ቋንቋን የተማረ ፕሮግራም ነው። በነጻ ይወርዳል፤ መጠኑ ግማሽ ጊጋባይት ገደማ በመሆኑ ግራፊክስ ካርድ በሌለው ላፕቶፕም፣ ቀስ እያለ ቢሆንም፣ ይሠራል። እኔ ስፓኒሽ ስለማልችል ውጤቱን ያረሙልኝ በደርግ ዘመን ኩባ ሄደው ሕክምና የተማሩ ጎረቤቴ ናቸው።

መሣሪያው የተማረው ፋርማኮነር ለተባለው፣ የመድኃኒትና የኬሚካል ስሞችን ከስፓኒሽ ጽሑፍ የመለየት ውድድር በ2019 እ.ኤ.አ. ከቀረቡት 1000 የሕሙማን ታሪኮች በከፊሎቹ ነው። አሞክሲሲሊና፣ ኢንሱሊና እና የመሳሰሉት ስሞች በግልጽ ሲጻፉ ሥራው የሚያስመሰግን ነው፤ ዶክተሩም «ልጄ፣ ይኼስ የእኔን መነጽር አይፈልግም» ብለው ሳቁ። ይሁንና «ኒዬጋ አሌርሂያ አ ፔኒሲሊና» የሚለውን ሐረግ ሲያዩ ሳቃቸውን አቆሙ። ትርጉሙ ታካሚው የፔኒሲሊን አለርጂ የለብኝም ይላል ማለት ሲሆን፣ ለፋርማኮነር በሰነዶቹ ላይ የተደረጉት ምልክቶች ስሙን እንጂ አሉታውን አይመዘግቡም። ስለዚህ የመድኃኒት ስሞችን ቆጥሮ መደምደሚያ የሚሰጥ ሰው ታካሚው ያልወሰደውን እንደወሰደ ሊቆጥር ይችላል። ለዚህ ችግር ለእንግሊዝኛ በ2001 የወጣው ኔግኤክስ የተባለው አስቀድሞ በተጻፉ ደንቦች አሉታን የሚለይ ስልት ወደ ስፓኒሽም ተላምዷል፤ ለብቻው መጨመር ግን የተጠቃሚው ሥራ ነው። (በአማርኛ ደግሞ አሉታው ከግሱ ጋር ተጣብቆ ከፊትም ከኋላም ስለሚመጣ ነገሩ የባሰ ነው።)

የመማሪያ ጽሑፎቹ ለመጽሔት የታረሙ ስለሆኑ በየክፍሉ በጥድፊያ ከሚጻፍ የታካሚ ካርድ ይልቅ የጠሩ መሆናቸውንም ማሰብ ያስፈልጋል። ካርድ ላይ አስፒሪን በሦስት ፊደላት ብቻ ሊጻፍ ይችላል።

እኔን ይበልጥ የማረከኝ ግን ሜዶካን የተባለው ስብስብ ነው። እሱም 1000 ሰነዶች የያዘ ሲሆን፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀንና አድራሻን ጨምሮ 29 ዓይነት የታካሚ መለያ መረጃዎችን ለመደበቅ ለሚሠለጥኑ መሣሪያዎች የተዘጋጀ ነው። መለያዎቹ ከእውነተኛ ታካሚ የተወሰዱ ሳይሆኑ ተፈጥረው የገቡ በመሆናቸው የማንም ምስጢር ሳይወጣ ማንም ተማሪ ሊለማመድባቸው ይችላል። በሰነዶቹ ላይ ምልክት እንዴት እንደተደረገ የሚያስረዳው መመሪያም አብሮ ታትሟል፤ ሞዴሉ ነገ ሊያረጅ ሲችል ይህ መመሪያ ለሌላ ቋንቋም አርዓያ ይሆናል።

በእኛ አገር የታካሚ ካርድ አብዛኛውን በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ መሣሪያውን እንዳለ የሚጠቀምበት ክሊኒክ አይኖርም። የጤና ኢንፎርማቲክስ ለሚማር ወይም ሥራውን ለመልመድ ለሚፈልግ ግን፣ ከሞዴሉ በፊት ሜዶካንን እንዲያወርድ እመክራለሁ።