በሶማሌ ተራ ያሠራናቸው የሎደር ሃይድሮሊክ መስመሮች

ለእርሻ ትራክተራችን የፊት ሎደር (ጭነት ለሚያነሣው ክንድና ባልዲ) የሚያስፈልጉትን የሃይድሮሊክ መስመሮች፣ ማለትም ግፊት ያለው ዘይት የሚያስተላልፉትን ቱቦዎች፣ ያሠራነው በመርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ ወርክሾፕ ነው፤ በሥራው ረክተናል።

ባለሙያው ቱቦ ከመቁረጡ በፊት የትራክተሩ ዘይት ሥራ በሌለበት ጊዜም ያለማቋረጥ የሚዞር መሆኑን አጣራ። እንዲህ ባለው ሥርዓት ላይ መስመሩን በቲ ማገናኛ (ባለሦስት አፍ) ከፍሎ ለሎደሩ መስጠት አያዋጣም፤ ዘይቱ ቀላሉን መንገድ ስለሚመርጥ ሲሊንደሩ (በዘይት ግፊት ክንዱን የሚገፋው ክፍል) ጭነት ማንሳት ያቅተዋል። ስለዚህ ዘይቱን ወደ ሎደሩ የሚመራውን አዲሱን ቫልቭ ከፓምፑ ቀጥሎ አስገብቶ፣ ያልተፈለገው ዘይት ወደ ትራክተሩ የኋላ ማንሻ እንዲያልፍ፣ ከሲሊንደሮቹ የሚመለሰው ደግሞ በራሱ መስመር ወደ ማጠራቀሚያው እንዲገባ አደረገ።

በጣም ያስደሰተኝ ለፊቲንግ (ለቱቦ መጋጠሚያ) ያለው ጥንቃቄ ነው። ይዘን ከሄድናቸው አንዱን በመለኪያ አይቶ መለሰልን፤ እርስ በርስ ከሚገጠሙት ሁለቱ የአንዱ መቀመጫ 60 ዲግሪ፣ የሌላው 37 ዲግሪ በመሆኑ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ማፍሰሱ አይቀርም። የመረጠልን በሁለት ድርብ የብረት ሽቦ የተጠናከረ የግማሽ ኢንች ቱቦ እስከ 275 ባር ግፊት የሚሠራ ሲሆን፣ ለትራክተራችን ከበቂ በላይ ነው።

አንድ ጉድለት ግን አለ፤ ቱቦዎቹ ከተቆረጡ በኋላ ውስጣቸው የተጸዳው እኛ ስንጠይቅ ብቻ ነው። የጎማና የብረት ብናኝ ቫልቭ ስለሚያበላሽ ይህ የደንበኛ ጥያቄ መጠበቅ አልነበረበትም። ወደዚያ የሚሄድ ሰው የቱቦውን ርዝመት ሎደሩ ሙሉ በሙሉ ተነሥቶም ወርዶም፣ ባልዲውም በሁለቱም አቅጣጫ ተዘንብሎ ይለካ።