የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 (ነጋሪት ጋዜጣዋ)፦ አንድ ዓመት ይዣት ከዞርኩ በኋላ

ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ እስከዛሬ ስለ ስልክና ስለ ጫማ ካልሆነ ሪቪው ጽፌ አላውቅም፣ ስለዚች ግን ሳልጽፍ ባልፍ ይቆጨኛል። ፋብሪካ ውስጥ ለምትሠሩ፣ በተለይ የሠራተኛ ማኅበር እናቋቁም ብላችሁ በሹክሹክታ ላይ ላላችሁ፣ ከዚች ቀጭን ነጋሪት በላይ የጠቀመኝ ዕቃ ገዝቼ አላውቅም።

መጀመሪያ ስለ አገዛዙ ልንገራችሁ ምክንያቱም እኔ ተሸውጃለሁ። ሜክሲኮ መንገድ ላይ መጽሐፍ ከሚያዞር ልጅ ነበር የገዛሁት፣ ቤት ገብቼ ሳያት ለካ የድሮው 377/1996 ናት፣ ያቺ እኮ ተሽራለች። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ ቁጥሩን እዩ፣ ሽፋኑ ከተቀደደ ደግሞ አንቀጽ 77ን ግለጡ፣ የመጀመሪያ ዓመት የዓመት ፈቃድ 14 ቀን ካለ አሮጌ ነው፣ 16 ካለ አዲሱ ነው። የወሊድ ፈቃድም ላይ እንደዛው፣ አዲሱ ከወሊድ በፊት 30 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው የሚለው። ሁለተኛዋን አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ሄጄ ገዛሁ፣ ኦሪጅናል፣ ዋጋዋም የሚያስጨንቅ አይደለም።

እኔ የምሠራው አቃቂ አካባቢ ያለ የልብስ ፋብሪካ ነው፣ ስሙ ይቅር። ሱሪ ላይን ላይ ኦፐሬተር ነኝ፣ በየሰዓቱ ታርጌት ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ካልሞላሽ ስምሽ በቀይ ይከበባል። ማኅበር የሚባለውን ነገር የጀመርነው ማኅበር ብለንም አይደለም፣ አንዷ ልጅ አባቷ ሞቶባት ለለቅሶ ገንዘብ ስናዋጣ ስም የያዝንበት ደብተር ነበር፣ እሱ ደብተር ቀስ እያለ ሌላ ነገር ሆነ። አንድ ቅዳሜ ከፈረቃ ስንወጣ የአንዷ ኪራይ ቤት ተሰበሰብን፣ መብራት ጠፍቷል፣ ግማሻችን አልጋ ላይ ግማሻችን ጀሪካን ላይ፣ በስልክ መብራት አንቀጽ 114ን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አሥርና ከዛ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፣ የአባላቱ ቁጥር ከአሥር እንዳያንስ ብቻ ነው ይላል። ኳሊቲ የምትሠራው እትዬ የምንላት ትልቅ ሴት ወዲያው ጣቷን እየቀሰረች መቁጠር ጀመረች፣ አሥራ አራት ላይ ስትደርስ "እንዴ! እኛኮ እንበልጣለን" አለች። ያቺን ድምፅ አልረሳትም። ሁላችንም መቶ፣ ሁለት መቶ ሰው ያስፈልጋል ብለን ነበር እኮ የምንፈራው።

አጎቴ ወንጂ ስኳር የሠራ ሰው ነው፣ በሆላንዶቹ ኩባንያ በኤች ቪ ኤ ጊዜ፣ ይሄን ስነግረው በጣም ነው የገረመው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ላይ በማኅበር መደራጀት ይቻላል የሚል ነበር ግን እንዴት ብሎ የሚያስፈጽም ሕግ አልነበረም፣ የመጀመሪያው ድንጋጌ ቁጥር 49 የወጣው በ1954 ነው፣ በመሀል ከ6 ዓመት በላይ። ስለዚህ በየፋብሪካው ያለው ሠራተኛ በዕድርና በመረዳጃ ስም ነበር የሚሰበሰበው፣ ለቅሶ እንደርሳለን እየተባለ ስለ ደሞዝ ይወራል። የኛ ደብተር ታሪክ ከነሱ አይለይም፣ ይሄን ሳስብ ሰውነቴን ይወረኛል። በ1955 ማኅበራቱን የሚያስተባብረው ኮንፌዴሬሽን ኢሠአማ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር) ተመሠረተ፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም አብርሃም መኮንን ነበር፣ በ1956 ደግሞ አዋጅ 210 ወጣ፣ በሱ ጊዜ ማኅበር ለማቋቋም 50 ሠራተኛ ያስፈልግ ነበር። አጎቴ "እናንተ በአሥር ሰው? ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?" ነው ያለኝ።

ወደ ነጋሪቷ ልመለስ። ትልቁ ጥቅሟ ባለሁለት ዓምድ መሆኗ ነው፣ በግራ አማርኛ በቀኝ እንግሊዝኛ። የኛ ማናጀር የውጭ ሰው ነው፣ አስተርጓሚው ደግሞ የኤችአር ሰው ነው፣ እኛ የምንለውና እሱ የሚተረጉመው አንድ እንዳልሆነ ፊቱን አይተን እናውቅ ነበር። ደብተሩ መኖሩ ሲሰማ ሁለት ልጆች ካለምንም ምክንያት ከላይን ተነስተው ወደ ማታ ፈረቃ ተዛወሩ፣ ሱፐርቫይዘሩም "ስማችሁን አውጡ ትመለሳላችሁ" አላቸው። ስንጠራ ነጋሪቷን ይዤ ገባሁ፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አንቀጽ 14ንና አንቀጽ 26ን በእስክሪብቶ አስምሬ ስለነበር ገልጬ የእንግሊዝኛውን ጎን ወደ ማናጀሩ አዞርኩለት። አሠሪ ሠራተኛን ማኅበር እንዳይገባ ማስገደድ እንደማይችል፣ የማኅበር አባልነትም ሰው ለማሰናበት ምክንያት እንደማይሆን ራሱ አነበበ። ሁለቴ አነበበው። ከዛ አስተርጓሚውን ሳይሆን እኔን ነው ያየኝ። ልጆቹ በሳምንቱ ወደ ቀን ፈረቃ ተመለሱ።

ሁሉንም ትፈታለች እንዳልላችሁ ግን። አንዷ ልጅ ኮንትራቷ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቷት ነበር፣ አላደሱላትም፣ በቃ። ከማኅበሩ ጋር ይገናኛል ብለን ብንጮህም ማስረጃ አልነበረንም፣ "ኮንትራትሽ አለቀ" የሚል አንድ መስመር ወረቀት ነው የሰጧት። ስለዚህ እባካችሁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማን ምን አለ፣ መቼ፣ ማን ሰማ፣ ጻፉ፣ መጽሐፉ መብቱን ይነግራችኋል እንጂ ምስክር አይሆናችሁም። ያቺ ልጅ አሁን ሌላ ቦታ ናት ግን እኛ ሳንደርስላት መቅረታችን እስካሁን ያመኛል።

ምዝገባው ላይ አንቀጽ 118ን ቃል በቃል ተከተሉ። መተዳደሪያ ደንብ፣ የመሪዎቹ ስም አድራሻና ፊርማ፣ የድርጅቱ ስም፣ የማኅበሩ ስምና አርማ ይጠየቃል። እኛ አንድ ፊርማ ጎሎ ተመልሰናል። አርማውን አንዷ የላይን ልጅ ናት የሳለችው፣ መርፌና የክር ጥቅልል፣ በደብተር ወረቀት ላይ በእርሳስ፣ ከዛ ፎቶ ቤት አስገብተን አስተካከልነው። የሚመዘግበው የመንግሥት ቢሮ ማመልከቻው በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ የምስክር ወረቀት መስጠት አለበት፣ በዚህ ጊዜ ውሳኔውን ካላሳወቀ ደግሞ እንደተመዘገበ ይቆጠራል ይላል፣ ይቺን ስለምናውቅ ቀኑን ሎከር ላይ በተለጠፈ ካላንደር እያጠፋን ነበር የምንቆጥረው፣ 13ኛው ቀን ላይ ተደወለልን። ፈረቃ ላይ ስለነበርን መጮህ አልቻልንም፣ ዝም ብለን ተያይተን ነው እንባ የመጣብን።

ጉድለቷን ደግሞ ልንገራችሁ። ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ እትዬ ያለ መነጽር አታነበውም። ቋንቋው ይከብዳል፣ "እንደተጠበቀ ሆኖ" የሚለው ሲደጋገም የተጻፈው ይፈቅዳል ወይስ ይከለክላል እያልን ስንት ጊዜ ተከራክረናል። ስቴፕለሩ ቶሎ ይለቃል፣ የኔ መሀሉ ወጥቶ በሱሪ ክር ሰፍቼዋለሁ፣ በዛ በምንሠራበት ወፍራም ክር፣ ከበፊቱ ይጠነክራል። ደንብ ለመጻፍ ደግሞ አዋጁ ብቻ አይበቃም፣ ወደ ኢሠማኮ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን) ወይም ወደየዘርፋችሁ ፌዴሬሽን ሂዱ፣ እኛ ረቂቃችንን የሚያይልን ሰው አግኝተን ብዙ ነገር ታርሞልናል።

አሁን ከአሠሪው ጋር በኅብረት ስምምነት (ማኅበሩና አሠሪው ስለ ሥራ ሁኔታ የሚፈራረሙት ውል) ድርድር ላይ ነን፣ ትራንስፖርትና የማታ ፈረቃ ምግብ ላይ ተይዘናል። ነጋሪቷ ሦስተኛ ላይን ጋ ናት፣ በየምሳ ሰዓቱ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች፣ ሽፋኗ ላይ የሽሮ ነጠብጣብ አለ። እኔ ትናንት ሌላ ኮፒ ልገዛ አራት ኪሎ ወርጄ ነበር፣ አምስት ገዛሁ፣ ከጎረቤት ፋብሪካ ሁለት ልጆች ጠይቀውኛል።