የሚታጠፈው ሪፍሌክተር ከወራት በኋላ፦ ሐረር ላይ የትኛው ፊቱ ይሠራል?

ለካሜራ ብዬ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ ያልቆጨኝ ይሄ ሪፍሌክተር፣ ማለትም ፎቶ ሲነሳ ብርሃን መመለሻና ማለስለሻ፣ ነው። ባትሪ አይበላም፤ ዋጋው ከሌንስ ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። ብራንድ እንኳ የለውም። ከገዛሁት ወራት አልፈዋል፤ ሐረር ውስጥ ከእጄ አይለይም፣ ድሬ ስወርድም ይዤው ነው።

ላላያችሁት፦ 110 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው። መሀሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ነጭ ጨርቅ ነው። በላዩ በዚፕ የሚገባ ሽፋን አለው። ሽፋኑን ሲያገላብጡት ነጭ፣ ብርማ፣ ወርቃማ እና ጥቁር ይሆናል። ሻጮች «አምስት በአንድ» የሚሉት ለዚህ ነው። ጠርዙን ጠምዘዝ አድርጋችሁ ስታጥፉት ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። እጃችሁ እስኪለምደው ግን ያታግላችኋል፤ የሰፈር ልጅም ተሰብስቦ ይስቅባችኋል።

ዋጋውን የመለሰልኝ ስሱ ጨርቅ ነው። የእኛ አገር ፀሐይ 6 ሰዓት ላይ ምን እንደምታደርግ ታውቃላችሁ። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ቀጥ ብላ በአናት ነው የምታልፈው። ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ የአፍንጫ ጥላ ከንፈር ላይ ይወድቃል። ጨርቁን ከሰውየው ራስ በላይ ስትዘረጉት ያ ጥላ ይሟሟል። ፀሐይ ከዚህ ሆነን ስናያት ትንሽ ነጥብ ስለሆነች ጥላዋ ስለታም ነው። ጨርቁ ሲዘረጋ ግን ብርሃን ሰጪው እሱ ይሆናል፤ ሰፊ ነው፣ ቅርብም ነው። ባቀረባችሁት ቁጥር ብርሃኑ ይለሰልሳል፣ ባራቃችሁት ቁጥር ይጠነክራል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ከጀርባ ያለው ግድግዳ ፀሐይ እየመታው ከሆነ ፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። እኔ ሰውየውን ጀርባውን ለዛፍ ወይም ጥላ ላለበት በር ሰጥቶ እንዲቆም አደርገዋለሁ።

ነጩ ደግሞ መኪና ግርግር በሚባለው የሐረር የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ አገልግሎኛል። ልብስ ሰፊዎቹ ከነመኪናቸው ሱቃቸው በር ላይ ነው የሚቀመጡት። የአንዱ አባባ ቀኝ ጉንጭ ከመንገዱ ብርሃን ያገኛል፤ ግራው ከሱቁ ጨለማ ጋር ተዋህዷል። ነጩን በግራ በኩል ዝቅ አድርጌ ሳስጠጋው የመነጽራቸው ዘንግ፣ የጢማቸው ሽበት፣ መርፌው ላይ ያለው ክር ሳይቀር ወጣ። «አቦ፣ እዚሁ ተውልኝ እንጂ! መብራት ሲጠፋ እሰፋበታለሁ» አሉኝ።

ብርማው ደጅ ላይ ለእኛ ፀሐይ አይሆንም፣ ሰውን ያስለቅሳል። ቤት ውስጥ ግን ሌላ ነው። በቆየው የሐረሪ ቤት ብርሃን በብዛት የሚገባው በበሩ ነው። ብርማውን ግቢው ውስጥ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ አቁሜ ወደ ውስጠኛው ነጭ ግድግዳ ስመልሰው፣ ነደባው (ከፍ ብሎ የተሠራው መደብ) ላይ የተቀመጡት ሰዎችም ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ስፌቶችም በአንዴ ይታያሉ። ፍላሽ ይህን አይሰጥም።

ጥቁሩን መጀመሪያ ለማሟያ የገባ መስሎኝ ነበር። በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ ግን ሥራ አለው። መንገዱ ጠባብ፣ ግድግዳው አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ ነው። ፀሐይ የመታው አረንጓዴ ግድግዳ አጠገብ የቆመ ሰው አንድ ጉንጩ አረንጓዴ ይሆናል። የካሜራው የቀለም ማስተካከያ ይህን አያድንም፤ አንዱን ጉንጭ ሲያቀና ሌላውን ያበላሻል። ጥቁሩን በግድግዳውና በፊቱ መሀል ማስገባት ነው። በተቃራኒው ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ግድግዳ ካገኛችሁ ሪፍሌክተሩን ከቦርሳው አታውጡት፤ ግድግዳው ራሱ ይበቃል።

ወርቃማው? ጥላ ውስጥ ፊትን ዘይት የተቀባ ያስመስላል። ወርቃማ ብርሃን ከፈለጋችሁ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ፣ በነፃ ነው።

አሁን ወደ ችግሩ። ያለ ሁለተኛ ሰው አይሠራም። ነፋስ ሲነሳ እንደ ሸራ ይጎትታል። ነጩ አቧራ ስለሚጠጣ በየጊዜው ይታጠባል፤ ካልታጠበ ብርሃኑንም ያደበዝዘዋል። ዚፑ ቶሎ ለቀቀ፣ የሸጠልኝ ሱቅም «ይሄ አይመለስም» አለ። ልብስ ሰፊ የቀየረልኝ ዚፕ ከፋብሪካው ይሻላል። የብረት ቀለበቱ ግን እስካሁን አልተጣመመም።

በስልክ ለምታነሱም ያው ነው። ስክሪኑ ላይ ፊቱን ነካ አድርጋችሁ ብርሃኑን አስተካክሉ። ሳትገዙ መሞከር ከፈለጋችሁ ነጠላ ዘርግታችሁ ፀሐይዋን ጋርዱ፣ ነጭ አንሶላ ደግሞ በጎን ያዙ።

ከገዛችሁ ለጀጎል 80 ሴንቲ ሜትሩ ይሻላል። 110ሩን ዘርግቼ ስቆም አህያም ባጃጅም ይቆማል፣ ስድቡ ለእኔ ነው። ሱቁ ውስጥ እያላችሁ አጥፋችሁ ዘርጉት፣ ዚፑንም ዙሪያውን ጎትቱት።