ለአያቴ ጆሮ፦ እኔ የሠራኋት ሳጥን፣ የሱቅ ማጉያ፣ ስልክ ወይስ የመስሚያ መሣሪያ?

«ፀሐይዋ በረታች፣ ወደ ውስጥ እንግባ» አልኳቸው።

«ሻይ? ሻይስ ይቅርብኝ፣ ቡናው ሊፈላ ነው» አሉ አያቴ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ምን ያንሾካሽካችኋል?» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ማጉያ ልሥራላቸው ያልኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ አራት ነገር ሞክረናል። አያቴ የሚኖሩት ዘጌ ነው፤ ለሕክምናና ለበዓል በጀልባ ተሻግረው ባሕር ዳር እኔ ዘንድ ይሰነብታሉ። ዘጌ የተመሰገነው ዕቃ ባሕር ዳር ሲረገም ስላየሁ፣ የማወዳድረው ከዋጋ ይልቅ በቦታ ነው። ዋጋውማ ዛሬ ብጽፈው ነገ ሌላ ነው።

ከግዢው በፊት ግን ጆሮውን አሳዩ። ኩክ ደርቆ የዘጋው ጆሮ የሚፈልገው መጽዳት ነው እንጂ ማጉያ አይደለም። በጥጥ እንጨት አትጎርጉሩት፤ ኩኩን ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው። መስማት በድንገት ከጠፋ፣ የደከመው አንዱ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ ፈሳሽ ወይም ማዞር ካለ ደግሞ ነገ ዛሬ ሳትሉ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው።

የአያቴ የዕድሜ ነው። በዕድሜ የሚደክም ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፦ «ፀ»ን፣ «ስ»ን፣ «ፍ»ን። ወፍራሙ ድምፅ ይቀራል። ለዚህ ነው ሰው ማውራቱ እየተሰማቸው ቃሉ የሚያመልጣቸው። ፀሐይም ሻይ ሆና የቀረችው በዚሁ ነው።

አሁን ወደ ሳጥኗ። ውስጧ ብዙ ነገር የለም። ኤልኤም386 የምትባል ባለ 8 እግር አይሲ (ድምፁን የምታጎላው ትንሽ ቺፕ)፣ የአተር ፍሬ የምታክል ማይክ፣ ጥቂት ሬዚስተርና ካፓሲተር፣ የድምፅ መቆጣጠሪያ፣ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ባለ ገመድ ኢርፎን። ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ካወቃችሁ የግማሽ ቀን ሥራ ናት። አይሲዋ ምንም ሳይጨመርባት 20 እጥፍ ታጎላለች። በ1ኛና በ8ኛ እግሯ መካከል 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ካስገባችሁ 200 እጥፍ ትደርሳለች።

እኔም ከነካኩት አይቀር ብዬ 200 አደረግኋት። እህቴ ስኒውን ረከቦቱ ላይ ቀጭ ስታደርግ አያቴ ከዱካቸው ብድግ አሉ። «ጥይት ነው?»

የደከመ ጆሮ ዝቅ ያለው አይሰማውም፣ ከፍ ያለው ግን እንደኛው ያመዋል፤ አንዳንዴም ይብስበታል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። ካፓሲተሩን ነቅዬ ጣልኩት፣ 20 በቂ ሆነ። ድምፁ ከልክ እንዳያልፍም ከኢርፎኑ መስመር ላይ 100 ኦም ሬዚስተር ጨመርኩ። የምትሠሩ ከሆነ መጀመሪያ በራሳችሁ ጆሮ፣ ከዝቅተኛው ጀምራችሁ ሞክሩ። በባትሪ ብቻ ትሥራ፤ ከግድግዳ ሶኬት ጋር እንዳታገናኟት።

የሳጥኗ ጉልበት ግን አይሲዋ ላይ አይደለም፣ የማይኩ ገመድ ላይ ነው። ገመዱን ሜትር ተኩል አድርጌ፣ ማይኩን በልብስ መቆንጠጫ የተናጋሪው ነጠላ ላይ ያዝነው። ሜዳ ላይ ከሆናችሁ ማይኩን ከ2 ሜትር ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ማቅረብ ብቻውን 20 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይጨምራል። የሚጨምረውም የተናጋሪው ድምፅ ነው፤ የሩቁ ጫጫታ እዚያው እንዳለ ይቀራል። ዘጌ፣ ቡናው ጥላ ሥር፣ ከወፍና ከእኛ በቀር ድምፅ የለም። «ድምፅህ እንዲህ ጎርናና ነው እንዴ?» አሉኝ። ከስንት ዓመት በኋላ!

ባሕር ዳር ግን ቤቴ አስፋልት ዳር ነው። ባጃጁ ሁሉ አያቴ ጆሮ ውስጥ የሚነዳ መሰለ። ሳጥኗ ሰውን ከባጃጅ አትለይም፣ ሁሉንም እኩል ታጎላለች። ቤተ ክርስቲያንማ ይብሳል። ከካህኑ ርቀን ተቀምጠን ጸናጽሉ ሲንሿሿ ኢርፎኑን መንጭቀው አወጡት። «ይህን ጊንጥ ውሰድልኝ» ብለው መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

ሁለተኛው ከስልክ ዕቃ ሱቅ የተገዛው፣ ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠለው ነው። ካርቶኑ ላይ የመስሚያ መሣሪያ ይላል። ሥራው ከሳጥኔ አይለይም፣ ሁሉን እኩል ማጉላት ነው። ያውም ማይኩና ድምፅ ማውጫው ተጠጋግተው፣ ጎማውም ጆሮ ላይ በልክ ሳይገጥም ሲቀር የወጣው ድምፅ ተመልሶ ይገባና ያፏጫል። መቆጣጠሪያው ደግሞ የጤፍ ፍሬ ያህላል፤ የሰማንያ ዓመት ጣት እንዴት ያግኘው? ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁ፦ «በመስማት ምርመራ ውጤት ይስተካከላል?» አይስተካከልም ካላችሁ ማጉያ ነው፤ የማጉያ ዋጋ ብቻ ክፈሉ። እኔ ሳልጠይቅ ገዛሁ፤ አሁን መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

ስልክ ከሱቁ ማጉያ ይሻላል። ለአንድሮይድ ሳውንድ አምፕሊፋየር የሚባል ነፃ መተግበሪያ አለ። ቀጭኑን ድምፅ ለይቶ ከፍ ማድረግ፣ የጀርባ ጫጫታን መቀነስ ይችላል፤ ሳጥኔ ይህን አታውቅም። ስልኩን ከተናጋሪው ፊት አስቀምጡት። ኢርፎኑ ባለ ገመድ ይሁን፤ በብሉቱዝ ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ ከከንፈር ጋር አይገጥምም። ስልክ መነካካት ለማይከብደው ሰው ምንም ሳትገዙ በዚህ ጀምሩ። ለአያቴ ግን አልሆነም። ወሬ መሃል ስልኩ ይጠራል፣ እሳቸው ደግሞ ስክሪኑን እንደ በር ነው የሚያንኳኩት።

የመስሚያ መሣሪያው ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ መስማታቸው ይለካል፣ ከዚያ መሣሪያው የጎደለውን ድምፅ ብቻ እንዲሞላ፣ ድንገተኛውን ጩኸት ደግሞ እንዲያለዝብ ይስተካከላል። ባጃጁንም ጸናጽሉንም የቻሉት በዚህ ነው። ውድ ነው። አንዴ ተገዝቶም አያበቃም፤ ለማስተካከያ መመላለስ አለ፣ ከዘጌ ደግሞ በጀልባ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ባትሪው የት እንደሚገኝ ጠይቁ። የአያቴ 13 ቁጥር ነው፣ ብርቱካንማ ተለጣፊ ያለው። ተለጣፊው ከተላጠ በኋላ ብትጠቀሙበትም ባትጠቀሙበትም እያለቀ ይሄዳል። የእህቴ ልጅ ስድስቱንም ባንዴ ልጦ በመስመር ደርድሮ ጠበቀኝ።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ከተማ ለሚኖር፣ ገበያና ቅዳሴ ለማይቀርበት ሰው ገንዘባችሁን ለመስሚያ መሣሪያው አጠራቅሙ። እስከዚያው ስልኩ ያቆያችኋል። ጸጥ ያለ ግቢ ውስጥ ከአንድ ከሁለት ሰው ጋር ለሚውል ሽማግሌ ግን ሳጥኗን አልንቃትም።

አያቴም አልጣሏትም። መሣሪያውን ለቅዳሴና ለከተማ አድርገውታል፤ ሳጥኗ ዘጌ፣ ረከቦቱ አጠገብ ምስማር ላይ ተሰቅላለች። ቡና ሲፈላ ያወርዷትና ማይኩን ለሚያወራው ሰው ያቀብላሉ። ማይክ ያልያዘ አይሰማም። ወሬ ያበዛ እንደሆነም እጃቸውን ይዘረጋሉ፦ «በቃህ ልጄ፣ ለእህትህ ስጣት»።