ባለ «2 ቴራ» ርካሹ ፍላሽ ለሰርግ ፎቶ ይሆናል?

አይሆንም። ምክንያቱን ግን ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ይህ ስም የለሽ ፍላሽ ሐዋሳ ውስጥ መንገድ ዳር ላይም ሱቅ ውስጥም አይጠፋም፣ ዋጋውም ያማልላል። ላፕቶፕ ላይ ሲሰካ 1.81 ቴራ ባዶ ቦታ ያሳያል። (ቁጥሩ ከ2 ማነሱ አያስደንግጣችሁ፤ ዊንዶውስ በ1,024 እያካፈለ ስለሚቆጥር ኦርጅናሉም እንዲሁ ነው የሚታየው።)

ጉዱ ያለው ውስጡ ነው። ቺፑ ብዙ ጊዜ 32 ወይም 64 ጊጋ ቢሆን ነው፤ መቆጣጠሪያው ግን 2 ቴራ ነኝ ብሎ እንዲዋሽ ተደርጎ ተሠርቷል። እውነተኛው ልክ ሲሞላ ቀጣዩን ፋይል ወይ ይጥለዋል ወይ በቀድሞው ላይ ይጽፍበታል። ኮፒው ያለ ምንም የስህተት መልእክት ያልቃል። የፋይሎቹ ዝርዝር የሚሰፍረው መጀመሪያው ክፍል ላይ ስለሆነ ፎልደሩ ሲከፈት ሁሉም ስም ከነመጠኑ አለ። ፎቶው ሲከፈት ግን የሙሽሪት ጸጉርና ግንባር ይታያል፤ ከዓይኗ በታች እስከ ቬሎዋ ጫፍ ግራጫ ነው። አንዳንዱ ጭራሽ አይከፈትም።

«እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው ሰው አልዋሸም። እያንዳንዱ 8 ሜጋ የሆነ 500 ጄፔግ 4 ጊጋ ብቻ ስለሆነ ይይዝለታል። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሲነሳ የዋለ ሰርግ ግን ሌላ ነው፤ በባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ በሮው ፎርማት (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ትልቅ ፋይል) አንዱ ፎቶ 25 ሜጋ ቢሆን 2,000ው 50 ጊጋ ይመጣል። ባለ 32ቱ ቺፕ ኬኩ ሳይቆረስ ሞልቷል።

መፈተኛው ኤችቱቴስትደብልዩ (H2testw) የሚባል ነጻ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፤ ለማክና ለሊኑክስ ኤፍ3 (F3) አለ። ባዶውን ፍላሽ ምረጡ፣ መጠኑን 102,400 ሜጋባይት አድርጉ፣ ጽፎ መልሶ እንዲያነብ እዘዙት። በሰከንድ 20 ሜጋ በሚጽፍ ፍላሽ መጻፉ ብቻ 85 ደቂቃ ይፈጃል። ፌኩ አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ይያዛል። ካለፈም ቺፑ 128 ሊሆን ስለሚችል ሙሉውን ፈትኑት፤ ያ ከ26 ሰዓት በላይ ስለሚወስድ መብራት ቢጠፋ እንዳይቋረጥ ባትሪው ደህና በሆነ ላፕቶፕ ይሁን። ፎርማት ማድረግ ምንም አይለውጥም። በተረጋገጠው ልክ ለመኪና ዘፈን ይበቃል፣ ከዚያ በላይ አትመኑት።

«ኤስኤስዲ» (ፈጣን ዲስክ) ተብሎ በርካሽ የሚቀርበው ሳጥንም አንዳንዱ ውስጡ በሙጫ የተለጠፈ ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ነው፤ ክብደት እንዲኖረው ብረት ይጨመርበታል።

ለፎቶ ቤት የሚያዋጣው ኦርጅናል ሃርድ ዲስክ ነው፤ ያውም ሁለት፣ አንዱ ስቱዲዮ፣ አንዱ ሌላ ቤት። የካሜራውን ሚሞሪም ሁለተኛው ኮፒ ላይ ከመጀመሪያው፣ ከመሀሉና ከመጨረሻው ጥቂት ፎቶዎች ተከፍተው ሳይታዩ ፎርማት አታድርጉት።