«የቤተ ክርስቲያን ሲስተም» ሊሸጡላችሁ ሲመጡ ይህን አንብቡ

ይህን የምጽፈው በሰበካ ጉባኤ ለምታገለግሉ ነው፤ በተለይ እንደኛ ከከተማው ዳር፣ በአዲስ ሰፈር በተተከለ አጥቢያ ሒሳብ ለምትጨነቁ። የእኛ አጥቢያ ከቱሉ ዲምቱ ወጣ ብሎ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ሰው ሲሞላ መቃኞዋም፣ ጊዜያዊዋ ቤተ ክርስቲያናችን፣ ሞላች። ድሮ በአንድ ደብተር የሚያልቀው የአሥራትና የአባልነት ክፍያ አራት ደብተር ሆነ። ገንዘብ ያዣችን ሌሊት ሲደምሩ እያደሩ ዓይናቸው ሲደክም፣ «ዘመኑ የኮምፒውተር ነው» ያልነው እኛው ነን። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በሻጮቹ ላይ አልከምርም።

የአባላትና የገቢ መመዝገቢያ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሸጡልን ሁለት ወጣቶች ናቸው። የድርጅታቸውን ስም አልጽፍም፤ ጉዳያችን ገና አላለቀም። በግንቦት 2016 ፕሮጀክተር ይዘው መጡና የአባላት ዝርዝር፣ ባለ ቀለም ግራፍ፣ በስልክ የሚደርስ የምስጋና መልእክት አሳዩን። ሁሉም ነገር ያምር ነበር። ሳሩን አየን እንጂ ገደሉን አላየንም። ያሳዩን መረጃ የራሳቸው ነበር፤ የእኛን አንዲት ገጽ እንኳ አስገቡልን አላልንም። በ180 ሺህ ብር ተዋዋልን። ውሉ ላይ «ሲስተሙን ለቤተ ክርስቲያኗ አሠራር እንዲመች ማስተካከል» የሚል አንድ መስመር አለ። መከራችን በሙሉ የወጣው ከዚች መስመር ነው።

የሸጡልን ለእርዳታ ድርጅቶች የተሠራ የለጋሾች መመዝገቢያ ነው። «ማስተካከል» ያሉት ደግሞ ቃላቱን ወደ አማርኛ መመለስ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ገጹን ስትከፍቱት «ለጋሾች» ይላል። ቤተ ክርስቲያን አሥራት አውጪ፣ ስእለት አስገቢ፣ ዘካሪ፣ መባ ሰጪ አላት እንጂ ለጋሽ የላትም። ቃሉ ቀላል ነገር ሊመስላችሁ ይችላል፤ እኔም መጀመሪያ ስቄ አልፌው ነበር። ግን ፕሮግራሙ የሚያስበው በዚያ ቃል ነው። እያንዳንዱ ብር ስሙ የታወቀ ሰጪ አለው ብሎ ይነሳል፤ ሰጪ ካልተጻፈ አያስቀምጥም።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሙዳየ ምጽዋት አለ። ቁልፎቹ በተለያየ ሰው እጅ ናቸው፤ ኮሚቴው ተሰብስቦ ይከፍታል፣ ይቆጠራል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ድምሩ በሞዴል 64 የገቢ ደረሰኝ ገቢ ይሆናል። ማን እንደጨመረው የሚያውቅ የለም፤ መታወቅም የለበትም። ይህን ስንነግራቸው «‹ስም የለሽ› የሚባል አንድ ለጋሽ ክፈቱ» አሉን። ከፈትን። ከዚያ በኋላ «ስም የለሽ» በየሪፖርቱ አናት ላይ የአጥቢያው ቀዳሚ ለጋሽ ሆኖ ይወጣ ጀመር። ሲስተሙም «እኚህ ለጋሽ ከፍተኛ ድጋፍ ስለሰጡ ስልክ ይደውሉላቸው» እያለ ያስታውሰናል።

ይህስ ያስቃል። ያላሳቀን ሌላ ነው።

ስእለት የሚያስገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስመዘግበው የክርስትና ስሙን ነው፤ ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሚካኤል፣ ኃይለ ጊዮርጊስ። አንድ አጥቢያ ውስጥ ስንት ወለተ ማርያም እንዳለች እናንተው ታውቃላችሁ። ፕሮግራሙ ስም ሲመሳሰልበት «አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል፣ ላዋህድ?» ብሎ ይጠይቃል። በበጎ ፈቃድ የምትጽፍልን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ፣ ሲስተሙ ያወቀ መስሏት «አዎ» አለች። 41 ወለተ ማርያሞች አንድ ሆኑ። ያንዷ የአባልነት ክፍያ ከሌላዋ ስእለት ጋር ተደባለቀ፤ ስልኮቹም ጠፍተው የአንዷ ብቻ ቀረ። ማዋሃድ አንድ ቁልፍ ተጭኖ የሚመለስ ነገር አይደለም፤ የሚመለሰው ከቀድሞ ቅጂ ብቻ ነው። ቅጂ አላችሁ ወይ ብለን ስንጠይቅ «የቅጂ አገልግሎት በውሉ አልተካተተም» አሉን። ልጅቷ አልቅሳ ነበር። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ያን ቁልፍ ከእሷ እጅ ማራቅ የነበረበት «አስተካከልን» ያለው ሰው ነው።

ስም ላይ ሌላም አለ። የፈረንጅ ፕሮግራም የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስዳል። እኛ በአባታችን ስም ስለምንጠራ ባልና ሚስት ሁለት ቤተሰብ ሆነው ተመዘገቡ፤ የአባታቸው ስም ከበደ የሆነ የማይተዋወቁ ሰዎች ግን አንድ ቤት ገቡ። ፊደሉም አለ፤ ፀሐይ ብሎ የተመዘገበን ሰው ጸሃይ ብላችሁ ብትፈልጉት አይገኝም።

ቀኑን ደግሞ እዩት። ደረሰኛችን ላይ 30/02/2017 ተጽፏል፤ ጥቅምት 30 ማለት ነው። ሲስተሙ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ መለሰ፤ ለካ ፌብሩዋሪ 30 የለውም። በወርኃ ጳጉሜን የገባ ገንዘብማ መግቢያ አጣ፤ 13ኛ ወር የለማ! የሚብሰው ግን ያልተቃወመው ነው። 12/02/2017ን ዝም ብሎ ተቀበለና በፈረንጆቹ 2017 መዘገበው። በዚያ ዓመት አጥቢያችን ገና አልተተከለችም። የሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የበጀት ዓመት ሪፖርት ለማውጣት ስንሞክር ግማሹ ገቢ የለም። ለሀገረ ስብከት የምናቀርበው ሒሳብ እንዲህ ሊጎድል? የድሮው ደብተር ባይኖር ኖሮ በሌብነት እንጠረጠር ነበር፤ ማጋነኔ አይደለም።

አሁን ወደ ምስጋናው መልእክት ልምጣ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ስልካቸውን ይዘው ወደ ቢሮ መጡ። ለልጅ ልጃቸው አስነብበው ነው የመጡት።

«ልጄ፣ ምን በደልኩ?» አሉኝ። «ስእለቴን አስገባሁ። እናንተ ‹ምንም አገልግሎት አልተሰጠዎትም› ትሉኛላችሁ? ቅዳሴው፣ ቁርባኑ፣ የባለቤቴ ፍትሐት ምንም ነው?»

መልእክቱን ሳየው «ለዚህ ስጦታ በምላሹ ምንም ዕቃ ወይም አገልግሎት አልተሰጠዎትም» ይላል። በኋላ ሳጣራ ነገሩ የአሜሪካ የግብር ሕግ ነው። እዚያ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው ከግብር እንዲታሰብለት፣ በምላሹ የተቀበለው ነገር እንዳለና እንደሌለ የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልገዋል። ሻጮቻችን ያንን ደብዳቤ በማሽን አስተርጉመው ለእኛ እናቶች በስልክ ላኩላቸው። እማማን ይቅርታ ስጠይቅ ምን ብዬ እንደማስረዳ ጠፋኝ። «የኮምፒውተር ስህተት ነው» አልኩ። «ኮምፒውተሩ ታዲያ ለምን ቤተ ክርስቲያን ገባ?» አሉኝ።

ዕቃውን በአጭሩ ልለፈው። ለንግሥ የገባው ዣንጥላ፣ ምንጣፍ፣ ጧፍና ዕጣን የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ዣንጥላው በጨረታ ሲሸጥ ገንዘቡ ከየት መጣ ሊባል ነው?

ስለ ክፍያው ግን ዝም አልልም። ዓመታዊ «የሰርቨር» ክፍያው 420 ዶላር ተብሎ በዶላር ነው የተጻፈው። ስንፈርም ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ወደ 24 ሺህ ብር ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬው ተመን ለገበያ ተለቀቀ። በዓመቱ ለእድሳት ሲመጡ ዶላር ከ130 ብር አልፎ፣ የጠየቁን ከ54 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ዶላር የሚጨምር ሰው የለንም።

ቆይቶ አንድ ኮምፒውተር የሚያውቅ ወንድም የገጹን ግርጌ አይቶ ፕሮግራሙ ሲቪሲአርኤም መሆኑን ነገረን። በነጻ የሚወርድ፣ ምንጭ ኮዱ ክፍት የሆነ፣ ማለትም ማንም ውስጡን አይቶ ሊያስተካክለው የሚችል ፕሮግራም ነው። በነጻ የተገኘን ነገር ጭኖና አስተካክሎ የድካም ዋጋ መቀበል ነውር አይደለም፤ ፈቃዱም አይከለክልም። ፕሮግራሙም መጥፎ አይደለም። ወንድማችን በራሱ ላፕቶፕ ላይ ጭኖ አሳየን፤ ለክርስትና ስም የራሱን ቦታ ከፈተ፣ ገቢውን በአሥራት፣ በስእለት፣ በሙዳየ ምጽዋትና በሕንፃ አርዕስት ለየው፣ ማዋሃጃውን ከጸሐፊዎች ፈቃድ ላይ አነሳ። የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነበር፤ ቀኑ ሲቀር። የእኛን የቀን መቁጠሪያ ማስገባት እውነተኛ የፕሮግራመር ሥራ ነው ብሎናል። 180 ሺህ ብሩ መከፈል የነበረበት ለዚያ ነበር።

ሊሸጡላችሁ ከመጡ ፕሮጀክተራቸውን አስቀምጡና ያለፈውን ወር ደብተራችሁን አውጡ። የሙዳየ ምጽዋቱን ቆጠራ፣ ሦስት ወለተ ማርያም፣ አንድ ዣንጥላ፣ የጥቅምት 30 ደረሰኝ፣ በቴሌብር የገባ አሥራት እዚያው ፊታችሁ ያስገቡ። ድምሩ ከደብተሩ ጋር እኩል ካልመጣ ሻይ አጠጥታችሁ ሸኟቸው። «ማስተካከል» የሚለውን ቃል ውል ላይ ብቻውን አትተዉት፤ ምን እንደሚስተካከል አንድ በአንድ ይጻፍ። ክፍያው በብር ይሁን። ዋናው የይለፍ ቃል በእናንተ እጅ ይሁን፤ የመረጃው ቅጂም በየሳምንቱ በፍላሽ ይሰጣችሁ።

የሰዉን መረጃም አስቡበት። እኛ ስምና ስልክ አልበቃን ብሎ የንስሐ አባት ስም ሳይቀር አስገብተናል፤ የት አገር ባለ ሰርቨር ላይ እንደተቀመጠ እስከ ዛሬ አልነገሩንም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው ሃይማኖት ደግሞ በአዋጁ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች ነው። ነገ የሚጠየቀው ሻጩ ብቻ ላይሆን ይችላል።

እኛ ወደ ደብተሩና ወደ ኤክሴል ተመልሰናል። ገንዘብ ያዣችን መነጽር ቀይረዋል። ሦስት አራተኛውን፣ 135 ሺህ ብሩን ከፍለናል፤ ባለፈው ሳምንት የቀረው 45 ሺህ ብር በ15 ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ወደ ሕግ እንሄዳለን የሚል ደብዳቤ ላኩልን። ጉባኤው ተቀምጦ በቃለ ጉባኤ መልስ ሰጠ፤ 41ዱን ወለተ ማርያሞች እንደነበሩ ለይታችሁ አምጡልን፣ በዚያው ቀን እንከፍላለን።